ደብተሩ አለ፣ መድኃኒቱ የለም

ከደመወዛችን 3 በመቶ ለጤና መድን ሊቆረጥ ነው የሚለው ወሬ ሞቶ አያውቅም። ትንሽ ጋብ ይላል። ከዚያ አንድ ባለሥልጣን ለጋዜጠኛ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ስለሱ ያወራል። ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ "መጀመሪያ ደመወዙን ይጨምሩ" ይላል። ሌላዋ "ከፍዬ የት ልታከም ነው?" ትላለች። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ዝም ብሎ ማኪያቶውን ያማስላል። ጡረታው ደርሷል፣ ስኳርም አለበት። የሱ ሂሳብ ከነሱ ይለያል።

ሕጉ አዲስ አይደለም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡን ለማስረዳት ደቂቃ አይፈጅም። ተቀጣሪው ከደመወዙ 3 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ ይጨምርበታል፣ ጡረተኛው 1 በመቶ ይከፍላል። የታመመ ከዚያ ይታከማል። ይጀመራል የተባለበት ቀን ግን ሠራተኛው ባለመቀበሉ ደጋግሞ ተራዘመ። አዋጁ ሲወጣ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ክርክሩ ያው ነበር።

የሻይ ቤቱን ክርክር አልንቅም። እስከ 35 በመቶ ግብር የሚቆረጥበት፣ ለጡረታ ደግሞ 7 በመቶ የሚሄድበት ሰው ሌላ 3 በመቶ ሲጨመርበት ቢቆጣ አይፈረድበትም። ግን እስቲ እናስላው። 10 ሺህ ብር የሚያገኝ ሰው በወር 300 ብር ይከፍላል። ይህ ለከባድ ሕመም እውነተኛ ዋስትና ከሆነ ርካሽ ነው። አንዴ ሲቲ ስካን ታዞለት በግል ማዕከል የተነሳ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ሰው እምቢ ያለው 300 ብሩን ብቻ አይቶ አይመስለኝም። በ300 ብሩ ምን እንደሚያገኝ ስለጠረጠረ ነው። ጥርጣሬውም ከሜዳ አልመጣም። አገር ቤት ያሉ ወላጆቹ የጤና መድን ደብተር ይዘው ሲንከራተቱ አይቷል።

ደመወዝተኛው ሲከራከር፣ ደመወዝ የሌለው ቀድሞ ገብቷልና። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ እና በያኔው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። የታሰበው ለገበሬው፣ ለጉሊት ቸርቻሪዋ፣ ለቀን ሠራተኛው ነው፤ በአጭሩ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ ስሙ ለሌለ ሰው። ክፍያው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤተሰብ ነው። በኦሮሚያ የሙከራ ወረዳዎች ለአንድ ቤተሰብ በወር 15 ብር ነበር። ከዚያ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ በአብዛኛው ወረዳ ተዘርግቷል፣ መዋጮውም አብሮ አድጓል።

ይህንን ማቃለል አልፈልግም። ድሮ ገበሬ ሲታመም መጀመሪያ የሚያየው በሬውን ነው። በሬው ይሸጥ ወይስ ሕመሙ ራሱ ይለፍ? ብዙው "ይለፍ" ብሎ ይተኛል፣ ወደ ሐኪም የሚሄደው ሲወድቅ ነው። መድኑ ሲመጣ አባል የሆነው ካልሆነው ይልቅ ወደ ጤና ተቋም መመላለስ ጀመረ። ልጁ ትኩሳት ሲይዘው ገና በመጀመሪያው ቀን የሚወስድ አባት መጣ። ይህ በየትኛውም አገር ትልቅ ለውጥ ነው።

ሰው ቶሎ የተቀበለውም ነገሩን ስለሚያውቀው ነው፤ እድር ነው። ዛሬ ለሌላው አዋጣ፣ ነገ ላንተ ይደርሳል። በየስብሰባው ቅስቀሳው የሚጀመረው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ተብሎ ነው፣ እኔ በበኩሌ የድሩ ነገር ሰልችቶኛል። ንጽጽሩ ግን ሳይጨረስ ነው የሚቀረው። እድር ላይ ሰው ሞቶ "ድንኳን አልቋል፣ ከውጭ ተከራዩ" ቢባል ምን ይሆናል? በወሩ ስብሰባ የእድሩ ዳኛ ይወርዳል። ምክንያቱም ዳኛውም የሚቀበረው በዚያው እድር ነው። ልጁም የሚያለቅሰው በዚያው ድንኳን ሥር ነው።

መድኑ ላይ ይህ የለም። መዋጮውን የሚተምነው፣ ሪፖርቱን የሚጽፈው፣ በጀቱን የሚያጸድቀው ሰው የሚታከመው ሌላ ቦታ ነው። የዚህ ሁሉ ክርክር ቁልፍ ለኔ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቀን አክስቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ስኳርም ግፊትም አለባት። የመድን ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን በነጠላ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትይዘው። ውስጡ የሷና የባሏ ፎቶ አለ፣ በየዓመቱ ሲታደስ የተመታው ማህተም አለ፣ አንዱ ማህተም ቀለሙ ፈስሶ ከጎኑ ያለውን ስም ጋርዶታል። በዚህ የተነሳ ካርድ ክፍል በሄደች ቁጥር "ይሄ ማነው?" ትባላለች። "ባሌ ነው" ትላለች። ከዚያ ያልፋል።

ወረፋው ረጅም ነው፣ እሱን ተውት። ሐኪሙ ጎበዝ ልጅ ነበር። እግሯን ሁሉ ጫማ አስወልቆ አየላት፣ ስኳር ያለበት ሰው እግሩን መጠበቅ እንዳለበት በእርጋታ አስረዳት። ማዘዣው ላይ ሦስት መድኃኒት ጻፈ። እሱን ይዘን መድኃኒት መስጫው መስኮት ደረስን። ውስጥ ያለችው ፋርማሲስት ማዘዣውን አየችና ወደ ኋላ ዞር ብላ መደርደሪያውን ሳታይ ነው የመለሰችው።

"ማዘር፣ ሜትፎርሚኗ አለች። የግፊቷ የለችም። የኮሌስትሮሏም የለችም።"

"መቼ ትመጣለች?"

"እሱን እኔም አላውቀውም። ከውጭ ይግዙ።"

ማዘዣውን ገልብጣ ጀርባው ላይ ማህተም መታችበት። "የለም" ይላል። ማህተም ተቀርጾለታል ማለት ነው። በእጅ መጻፉ ስለሰለቻቸው ይሆናል።

አክስቴ ማዘዣውን ተቀብላ ትንሽ አሰበች። "እንግዲያው ልጄ፣ ያላችሁ መድኃኒት የሚያድነው በሽታ የትኛው እንደሆነ ንገሪኝና እሱን ልያዝ" አለቻት። ፋርማሲስቷ ሳቀች። ቀኑን ሙሉ "የለም" ስትል የምትውል ልጅ ናት፣ ሳቅ ሳያምራት አይቀርም።

ከግቢው በር ማዶ መድኃኒት ቤቶች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ውስጥ ሁለቱም አሉ። አክስቴ ዋጋውን ሰማችና "የአሥራ አምስት ቀኑን ብቻ ስጠኝ" አለች። የግፊት መድኃኒት በየቀኑ የሚዋጥ ነው፣ የወሩ ግማሽ ግፊት፣ የወሩ ግማሽ ዕረፍት የሚባል ነገር የለውም። እኔ ጨመርኩበትና ወሩን ሞላነው። ደረሰኝ ካለ ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል ተብላ ነበር። ደረሰኙን፣ ማህተም ያለበትን ማዘዣ፣ የደብተሩን ኮፒ ይዛ ወረዳ መሄድ አለባት። ኃላፊው ካልተገኘ ሌላ ቀን መመለስ አለባት። የባጃጁን ሂሳብ ስትደምረው ተመላሹን ሊበላው ትንሽ ነው የሚቀረው። ተወችው።

እንግዲህ በሪፖርት ላይ አክስቴ የተሳካላት አባል ናት። መዋጮዋን ከፍላለች፣ ታክማለች፣ ሆስፒታሉ ሂሳብ ልኳል። ከኪሷ ያወጣችው በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ የለም።

መድኃኒቱ ለምን ጠፋ? አንዱ ምክንያት ሁሉም የሚያውቀው ነው። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ ነው የሚገባው፣ ከውጭ የሚገባ ነገር ደግሞ ዶላር ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የመድኑ መዋጮ ግን በዓመት አንዴ የሚተመን ነው። በጥር የተሰበሰበ ብር በነሐሴ ዋጋ መድኃኒት ሊገዛ ሲል ምን እንደሚያክል ገምቱት።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ አይወራለትም፣ እኔ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ እሱ ያበሽቀኛል። የመድን አባል ሲታከም ሆስፒታሉ እጁ ላይ ገንዘብ አይገባም። በዱቤ ነው የሚያክመው። ሂሳቡን ሰብስቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየሩብ ዓመቱ፣ ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ይልካል። እዚያ ማዘዣው፣ ካርዱ፣ ዋጋው አንድ በአንድ ይመረመራል። ምርመራው ተገቢ ነው፤ ያልታከመ ሰው ታከመ ብሎ የሚልክ አይጠፋም። ግን መርማሪው ጥቂት ነው፣ ወረቀቱ ክምር ነው፣ ቋቱም ሁሌ ሙሉ አይደለም። ክፍያው ይዘገያል። ሆስፒታሉ ደግሞ ከአቅራቢው መድኃኒት ለማምጣት ያንኑ ገንዘብ ነው የሚጠብቀው። ባልተከፈለው መጠን መደርደሪያው ይሳሳል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ለመገመት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። አንድ ሆስፒታል ሁለት ታካሚ ይመጣበታል። አንዱ ጥሬ ገንዘብ ይከፍላል፣ ሌላው ከወራት በኋላ የሚከፈል ወረቀት ይሰጣል። አንድ እሽግ መድኃኒት ብትቀር ለማን ትሰጣለች? ማንም ክፉ መሆን አይጠበቅበትም። አሠራሩ ራሱ ባለደብተሩን ሁለተኛ ደረጃ ታካሚ ያደርገዋል። አስቀድሞ የከፈለው ሰው መጨረሻ ላይ ይሰለፋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በአገራችን ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢ እና የኤችአይቪ ሕክምና መድን ኖረም አልኖረም በነጻ ነው የሚሰጠው። ለዚህ ምስጋና ይገባል። ስለዚህ መድኑ ከባድ ሸክሙን የሚሸከመው ሌላው ላይ ነው፤ ስኳር፣ ግፊት፣ ልብ፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ። እነዚህ በየወሩ መድኃኒት የሚፈልጉ ናቸው። አንድ ጊዜ ታክሞ የሚዳን የሳንባ ምች ዕድል ቀንቶት መድኃኒቱ ባለበት ሳምንት ሊገጥም ይችላል። ለስኳር ታማሚ ግን መደርደሪያው በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ሙሉ መሆን አለበት። መድኑ የሚከሽፈው ይበልጥ በሚያስፈልግበት ቦታ ነው።

ወደ አባልነቱ ልምጣ። በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መድን አንድ የታወቀ በሽታ አለው። ጤነኛው ይቀራል፣ የታመመው ይገባል። "አምና ከፈልኩ፣ አልታመምኩም፣ ብሬ ቀለጠ" የሚል ሰው በየቀበሌው አለ። እንደኔ ይህ ሰው ሞኝ አይደለም፤ ነገሩን የሚያስረዳው ሰው ስላጣ ነው። እሱ ሲወጣ ቋቱ ውስጥ የሚቀሩት በየወሩ የሚታከሙት ብቻ ናቸው። ቋቱ ይደርቃል። መዋጮ ይጨመራል። ሲጨመር ደግሞ ሌላ ጤነኛ ይወጣል።

መፍትሔው ለሁሉም ግዴታ ማድረግ ነው ይባላል። በመርህ ደረጃ እስማማለሁ። በሥራ ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ የሄደ ሰው "መድን ከፍለሃል?" ተብሎ ሲመለስ ሰምቻለሁ። ማዳበሪያ ሊወስድ የሄደ ገበሬም እንደዚሁ። ዕቅድ ተሰጥቶት መቶኛ ማሟላት ያለበት የቀበሌ ሠራተኛ ሌላ ምን ያድርግ? በዚህ መንገድ የገባ አባል ግን የተቀጣ ያህል ነው የሚሰማው። ደብተሩን ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ይወረውረዋል፣ ሲያመው ራሱ አያስታውሰውም።

የድሃ ድሃ የሚባሉትስ? መክፈል ለማይችሉት መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍናሉ። ጥሩ ነው። ማን ድሃ እንደሆነ የሚመርጠው ደግሞ የቀበሌው ሕዝብና ኮሚቴ ነው። ችግሩ ኮሚቴው ዝርዝሩን የሚዘጋው ድሃ ሲያልቅ ሳይሆን በጀቱ ሲያልቅ መሆኑ ነው። ሁለት ባልቴቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ አንዷ ዝርዝሩ ውስጥ ናት፣ ሌላዋ ልጇ አዲስ አበባ ስለሆነ "ደጋፊ አላት" ተብላ ቀርታለች። ልጁ አዲስ አበባ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ የለም።

ስለ ሪፈር ብዙ ሰው ያማርራል፣ እኔ ግን እዚህ ላይ ከደንቡ ጎን ነኝ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሆስፒታል። በሙከራው ጊዜ ሪፈር ሳይዝ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ራሱ እንዲከፍል ነበር የተደነገገው። ጉንፋን ይዞ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚሰለፍ ሰው የልብ ታማሚውን ቦታ ይዟል። ቁጣው የሚገባኝ ጤና ጣቢያው ውስጥ ምንም ሳይኖር "እዚያ ሂድ" ሲባል ብቻ ነው።

ሰሞኑን ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ምን እንዳደረጉ ሳነብ ነበር። ጋና ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ገንዘቡን ከአባላት መዋጮ ብቻ አልጠበቀችም፤ ዕቃና አገልግሎት ላይ 2.5 በመቶ የጤና መድን ቀረጥ ጣለችበት። ሱቅ ገብቶ ዕቃ የገዛ ሁሉ ለመድኑ ያዋጣል ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ ለሆስፒታሎች በጊዜው ባለመክፈል ትታማለች። ኬንያ የቆየውን የሆስፒታል መድን ፈንዷን ዘግታ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ወደ አዲስ ሥርዓት ገባች። ደመወዝተኛው ከጠቅላላ ደመወዙ 2.75 በመቶ ይከፍላል። ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተካሰውበታል፣ ሰው አሁንም ይነታረክበታል።

እኔን የሳበችኝ ሩዋንዳ ናት። እዚያ መዋጮው እንደየሰው የኑሮ ደረጃ ይለያያል፣ ለእጅግ ድሃው መንግሥት ይከፍላል። ደመወዝተኛው የራሱ መድን አለው፤ ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከተጣራ ደመወዙ 0.5 በመቶ ተቆርጦ ወደ ማኅበረሰቡ መድን ይገባል። ግማሽ በመቶ ነው፣ ማንም አይሞትበትም። የባንክ ሠራተኛውና ገበሬው ግን በትንሹም ቢሆን በአንድ ገመድ ታስረዋል።

እኛ ጋ ገመዱ የለም። የገበሬው ቋት ለብቻው ነው፣ የደመወዝተኛው ወረቀት ላይ ነው፣ ባለሀብቱ ወደ ባንኮክና ዴልሂ ይበራል። በደሃና በታማሚ ብቻ የተሞላ ቋት ምንጊዜም ደሃና ታማሚ ሆኖ ይቀራል። ከገንዘቡ በላይ የጎደለው ደግሞ ድምፅ ነው። አክስቴ "የለም" ስትባል ቀልዳ ትመለሳለች። መስኮቱ ላይ አንድ ጠበቃ፣ አንድ ጋዜጠኛ፣ አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ ቆሞ "የለም" ቢባል ግን ከሰዓት በፊት ስልክ ይደወላል። ደብዳቤ ይጻፋል። መደርደሪያው ሲሞላ እናይ ነበር። ለዚህ ነው 3 በመቶውን በገንዘብነቱ ብቻ የማላየው። ተናጋሪውን ሰው ከማይናገረው ጋር አንድ ወረፋ ላይ የሚያቆም ነገር ነው።

ታዲያ ለምን አሁኑኑ ይቆረጥ አትልም? ትሉኝ ይሆናል። መልሴ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሰውን ባዶ መደርደሪያ እያሳየህ "መጀመሪያ ክፈል፣ ኋላ ይሞላል" ማለት አይሆንም። ይህንን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቷል። ቀድሞ መክፈል ያለበት መንግሥት ነው። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር፣ ብዙዎቹ አጠገቡ አልደረሱም። በኛ አገር ለጤና ከሚወጣው ጠቅላላ ወጪ ወደ 30 በመቶው ከታካሚው ኪስ ነው የሚወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው በሕክምና እንዳይደኸይ ከ20 በመቶ ባይበልጥ ነው የሚለው። አሥር በመቶ ልዩነት የቁጥር ጨዋታ ይመስላል። የተሸጠው በሬ ግን እሱ ውስጥ ነው።

ቀድሞ መክፈል ስል ትልቅ ነገር አላሰብኩም። ለሆስፒታሉ የሚቀጥለውን ሩብ ዓመት ሂሳብ በግምት አስቀድሞ መስጠትና ምርመራውን ኋላ ማወራረድ ይቻላል። የስኳርና የግፊት መድኃኒትን ከሌላው ለይቶ በጀቱን ማጠርም ይቻላል። ሆስፒታሉ ውስጥ ከጠፋም አባሉ ደብተሩን አሳይቶ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት እንዲወስድ ውል መግባት ነው። ሂሳቡን ሁለቱ ተቋማት ይጨራረሱ፣ አክስቴ ደረሰኝ ይዛ ባጃጅ ላይ አትንከራተት። አንዳንድ ቦታ ይህ ውል ተጀምሯል፣ ሲሠራም ሠርቷል።

ባለፈው አክስቴ የምትኖርበት ወረዳ የመድኑ ጉባዔ ተጠርቶ አብሬያት ገባሁ። ሪፖርቱ በመቶኛ ቀረበ። አባል ለማፍራት የታቀደው ይህን ያህል፣ የተከናወነው ይህን ያህል። ጭብጨባ ነበር። የጥያቄ ጊዜ ሲሰጥ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። "አባል ሆነን መድኃኒቱን ከውጭ የገዛነው ስንት ነን? እሱን ቁጥር አላየሁትም" አሉ። መድረኩ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቱን አገላበጠ። ቅጹ ላይ እንደዚያ የሚል ረድፍ እንደሌለ ተናገረ። ጀርባው ላይ "የለም" የተመታበት ማዘዣ ሁሉ የሚቀረው ታካሚው እጅ ላይ ስለሆነ የሚቆጥረው ሰው የለም። ሽማግሌው አልተቀመጡም። "እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ቅጂው እዚያው ይቅርና በየወሩ ተቆጥሮ በር ላይ ይለጠፍ" አሉ። ከኋላ ያሉ ሴቶች "እሱ ነው!" አሉ።

ሐሳቡ በቃለ ጉባዔ ተያዘ። ከበላይ አካል ጋር ተነጋግረን እናሳውቃለን ተባለ። ቀጣዩ አጀንዳ የዓመቱ የመዋጮ ጭማሪ ነበር፣ እሱ እዚያው ጸደቀ።